የልጆች ብስክሌት ማርሽ እንዳይሰበር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ብስክሌት እንደ አሸን ይፈላል። አብሮት የሚበዛ አንድ ብልሽት አለ፤ የኋላ ማርሽ። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል። ፍሬን ቢላላ በፒንሳ ይጠበቃል። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ግን አንዴ ወደ ጎማው ሽቦዎች ከገባ ካቴናውን፣ አንዳንዴም ቸርኬውን ጭምር ይዞ ይጠፋል። ልጁም ጓደኞቹ ሲነዱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። የሚያንገበግበው ደግሞ አብዛኛው ጉዳት በቀላሉ መቅረት የሚችል መሆኑ ነው። ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

የሚሰበረው የትኛው ክፍል ነው?

ከብስክሌቱ ኋላ ቆማችሁ እዩት። በቀኝ በኩል፣ የኋላ ጎማው መሃል ላይ የተደራረቡ ጥርሶች አሉ። ከእነሱ ሥር ተንጠልጥሎ ካቴናውን የሚወጥረውና ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ነገር መቀየሪያው ነው። ውስጡ ስፕሪንግ አለው። ታችኛው ክፍሉ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሽከረከራሉ።

መቀየሪያውን ከፍሬሙ ጋር የምታያይዝ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት አለች። እዚህ ማንጠልጠያ እያልኩ እጠራታለሁ። ፍሬሙ አሉሚኒየም ከሆነ ብዙ ጊዜ ማንጠልጠያዋ ለብቻዋ በብሎን የታሰረች ናት። ሆን ተብሎ ለስላሳ ሆና የተሠራች ስለሆነች፣ ግጭት ሲመጣ እሷ ትታጠፍና ፍሬሙ ይተርፋል። የብረት ፍሬም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬሙ አካል ናት። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ብስክሌቶች ላይ ደግሞ ከኋላ ጎማው ዳዶ ሥር ገብታ የምትታሰር ጠፍጣፋ ብረት ናት።

መጀመሪያ የምትታጠፈው ይህቺው ማንጠልጠያ ናት። ክፋቱ፣ ትንሽ ስትታጠፍ ዓይን አያስተውላትም። ልጁ ሜዳ ላይ ሲነዳ ምንም አይሰማውም። ዳገት ሲያጋጥመው ትልቁን ጥርስ ያስገባል። ያኔ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ይጠጋና ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል። የሚሽከረከረው ጎማ ይዞት ይዞራል። ነገሩ የሚያልቀው በአንድ ሰከንድ ነው።

የልጆች ብስክሌት ላይ ለምን ይብሳል?

ጎማው ትንሽ ስለሆነ። ባለ 20 ኢንች ጎማ ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ከመሬት ያለው ከፍታ የዚያ ግማሽ ነው። መቀየሪያው ደግሞ ከመሃሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። አዋቂ የሚነዳው ብስክሌት ሳይነካው የሚያልፈው ድንጋይ የልጁን ማርሽ ይመታዋል።

በዚያ ላይ የእኛ ዳርቻ ሰፈሮች መንገድ አለ። አስፋልቱ ያልቃል፣ ኮብልስቶኑ ይጀምራል፣ ኮብልስቶኑም ያልቅና ገረጋንቲ ይከተላል። ኮብልስቶን ዳሩ ላይ ሲነቀል ጠርዙ ስለት ይሆናል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠርዝም እንደዚያው ነው። ልጆች ደግሞ አቋራጭ ይወዳሉ፤ ቦዩን በብስክሌት መዝለል ጀግንነት ነው። ልጃችሁ ቦይ አጠገብ ሲደርስ ወርዶ ብስክሌቱን አንስቶ እንዲሻገር ከመጀመሪያው ቀን አስተምሩት። ይህን ልምድ ያደረጉ ልጆች ማርሻቸው ሲቆይ አይቻለሁ።

ማርሽ የሚጎዳው ሲነዳ ነው ወይስ ቆሞ?

ቆሞ እያለ የሚደርስበት ጉዳት ብዙ ነው። ልጅ ኳስ ሲያይ ብስክሌቱን ባለበት ይጥለዋል። በቀኝ በኩል ከወደቀ ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው በፔዳሉ፣ በመሪው ጫፍና በመቀየሪያው ላይ ነው። በግራ ከወደቀ ግን ማርሹን የሚነካው የለም።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ብስክሌት ሲጋደም ማርሹ ወደ ላይ። ለትንንሾቹ ቀኝና ግራ ያምታታቸዋል። «ካቴናው ሰማይ ይይ» በሏቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ግድግዳ ላይ ሲያስደግፉትም ካቴና የሌለበት ጎን ወደ ግድግዳው ይሁን። ጎማው ቢንሸራተት እንኳ ብስክሌቱ ወደ ግድግዳው፣ ማለትም በግራው ነው የሚጋደመው።

ማቆሚያ ብረት ያለው ብስክሌትም ቢሆን ክረምት ላይ አትመኑት። እግሩ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ይጋደማል። ጎረምሳ እያለፈ ሲገፋው ደግሞ በየት በኩል እንደሚወድቅ አይታወቅም። ከጋራ መተላለፊያና ከደረጃ ሥር አርቃችሁ አቁሙት።

በቀኝ በኩል ወድቋል። አሁን ምን ልይ?

ከሁሉ በላይ ትኩረት የምሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው። መውደቁ ማንጠልጠያዋን ትንሽ ያጥፋታል። ሳይታይ ቀጥሎ መነዳቱ ነው ሁሉንም የሚበጣጥሰው። በሁለቱ መካከል ያለችው ደቂቃ ብስክሌቱን ታተርፋለች።

መጀመሪያ ልጁን እዩት። ጉልበቱ ካልተላጠ፣ ራሱን ካልመታ፣ ወደ ብስክሌቱ ተመለሱ። ማንም ፔዳል አይርገጥ። ከኋላ ቆማችሁ ዝቅ በሉና አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ካቴናው ካለበት ጥርስ ጀምሮ በሁለቱ የፕላስቲክ ጥርሶች በኩል ወደ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር መታየት አለበት። የታችኛው ጥርስ ወደ ጎማው ሽቦዎች ካዘነበለ ታጥፏል ማለት ነው።

ቀጥ ያለ ከመሰላችሁ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሱ። አንድ ሰው መሃል አካባቢ አንስቶ ይያዝ፤ ሌላው ፔዳሉን በእጁ ቀስ ብሎ ያዙር። ማርሹን ከትንሹ ጥርስ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ ትልቁ ቀይሩ። የመጨረሻው ላይ ስትደርሱ መቀየሪያውንና ሽቦዎቹን አተኩራችሁ እዩ። በመካከላቸው ክፍተት ከሌለ፣ ወይም «ትክ ትክ ትክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ አቁሙ። ያ ድምፅ ሽቦው መቀየሪያውን እየነካው ነው። የልጅ ጣት ካቴናና ጥርስ አጠገብ እንዳይደርስ በዚህ ጊዜ ተጠንቀቁ። ፔዳሉን የሚያዞረው ሁልጊዜ አዋቂ ይሁን።

ከታጠፈና ቤት ሩቅ ከሆነ ካቴናውን መሃል ላይ ያለ ጥርስ ላይ አድርጉትና ብስክሌቱን እየገፋችሁ ሂዱ። ልጁ ቢለምናችሁም፣ ቢያለቅስም፣ አይንዳው።

ልጃችሁ ብቻውን የሚነዳ ከሆነ ይህን ራሱ ማድረግ አለበት። ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ከኋላ ቆሞ «ተጣሟል ወይስ ቀጥ ብሏል» ብሎ መለየት አያቅተውም። ከጠመመ እየገፋ እንዲመጣ ንገሩት። ገፍቶ ስለመጣ ግን አትቆጡት። የሚቆጣ ወላጅ ያለው ልጅ መውደቁን ይደብቃል፤ ደብቆም ይነዳዋል።

መከላከያ ብረት ላስገጥምለት? ሰፈር ያለ በያጅ ቢሠራውስ?

መከላከያው ከኋላ ጎማው ዳዶ ሥር የሚታሰር፣ መቀየሪያውን ከውጭ በኩል ከብቦ የሚያልፍ የታጠፈ ብረት ነው። አንዳንድ የልጆች ብስክሌት ከፋብሪካ ሲመጣ ይዞት ይመጣል። ለልጅ ብስክሌት እደግፈዋለሁ። በቀኝ በኩል ዝም ብሎ ሲወድቅ ክብደቱን ይቀበላል። ግቢ ውስጥ የሚደርሰው ውድቀት አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ነው።

ወሰኑን ግን እወቁት። በፍጥነት ሄዶ ድንጋይ ሲመታ ብረቱ ራሱ ታጥፎ መቀየሪያውን ሊጫነው ይችላል። ዳዶው ከላላ ደግሞ ዞሮ ካቴናው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በየሳምንቱ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ዳዶውን አጥብቁ። ሲገጠም የኋላ ጎማው ዘንግ ለዳዶው በቂ የብሎን ጥርስ ሊተርፈው ይገባል። ዳዶው በሁለት ዙር ብቻ ከተያዘ አይሆንም፤ ጎማው ሊወልቅ ይችላል።

በያጅ ያሠራችሁ እንደሆነ ሦስት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ ብስክሌቱ ላይ ምንም እንዳይበየድ። መከላከያው ለብቻው ተሠርቶ በዳዶ ይታሰር። የብየዳ ሙቀት የፍሬሙን ጥንካሬ ይቀንሳል፣ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ያበላሸዋል። ፍሬሙ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ማግኔት አስጠጉበት፤ ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ሁለተኛ፣ ካቴናውን ትንሹ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ ይለካ። መቀየሪያው በጣም ወደ ውጭ የሚወጣው ያኔ ነው። በእሱና በመከላከያው መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ሦስተኛ፣ ጫፉ ሹል አይሁን። ከተቆረጠ ፌሮ የተሠራ መከላከያ ጫፉ ካልተሞረደ የልጅ ቁርጭምጭሚት ይቀድዳል።

ሌላም የሚረሳ መከላከያ አለ። ትልቁ ጥርስና ሽቦዎቹ መካከል ያለው ክብ ፕላስቲክ። ብዙ ሰው ውበት ያጠፋል ብሎ ሰብሮ ያወጣዋል። አታውጡት። መቀየሪያው ወይም ካቴናው ወደ ሽቦዎቹ እንዳይገባ መጀመሪያ የሚያግደው እሱ ነው።

በክረምት ጭቃው ማርሹን ይይዘዋል። ምን ላድርግ?

በአቃቂ፣ በኮዬና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው መረሬ አፈር ሲረጥብ ይለጥፋል። በመቀየሪያው ሁለት ትንንሽ ጥርሶች መካከል ይሞላል፣ ከገለባና ከፌስታል ቁራጭ ጋር ተጠቅጥቆ ይቆልፋቸዋል። ልጁ ፔዳሉ ሲከብደው ቆሞ በሙሉ ክብደቱ ይረግጣል። ያኔ ካቴናው መቀየሪያውን ወደ ፊት ጎትቶ ያጥፈዋል። ሳይወድቅ የተሰበረ ማርሽ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ፔዳል ሲከብድ መቆም። ይህን ልጁ ይወቅ። ከብስክሌቱ ወርዶ በቀጭን እንጨት ጭቃውን ይፈልፍል። ፌስታል ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ክር ከተጠመጠመ ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ ብሎ እያዞረ ይፍታው፤ እምቢ ካለ መቁረጥ ነው።

ቤት ስትደርሱ ጭቃው ሳይደርቅ እጠቡት። መረሬ ከደረቀ ድንጋይ ነው። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርም ግማሽ ባልዲ ይበቃል። የልብስ ማጠቢያ ውኃ የተረፈ ካለም ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ በንጹህ ውኃ አለቅልቁት። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለሁለቱ ትንንሽ ጥርሶች እንደሱ የሚሆን የለም። ላቫጆ ወስዳችሁ በፓምፕ አታስመቱት። ኃይለኛ ውኃ ኩሽኔታው ውስጥ ያለውን ግሪስ ያወጣና አሸዋ ያስገባበታል። ካጠባችሁ በኋላ በአሮጌ ጨርቅ ካቴናውን ይዛችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ አድርቁ። ሳይደርቅ ዘይት አይጠጣም።

ምን ዘይት ልቀባ? የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሆናል?

አይሆንም። ግሪስም ለካቴና አይሆንም። ሁለቱም ወፍራም ናቸው፤ የበጋውን አቧራ ይሰበስባሉ። የገረጋንቲ አቧራ ከወፍራም ዘይት ጋር ሲደባለቅ ጥርሱንና ካቴናውን ይፈጫል። የምግብ ዘይት ደግሞ ከርሞ ይጣበቃል፤ ጭራሽ አታስቡት።

የብስክሌት ካቴና ዘይት ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ ቀጭኑ የስፌት ማሽን ዘይት ለልጅ ብስክሌት ጥሩ ይሠራል። እያንዳንዱ የካቴና መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ። ፔዳሉን አዙሩ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ ከላይ ያለውን በጨርቅ አጥሩ። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጥ ነው። ከላይ ሲነካ ጣት የሚያጠቁር ካቴና በዝቶበታል። ለመቀየሪያው መታጠፊያዎችም አንድ አንድ ጠብታ ይበቃል። ዝናብ ላይ ከተነዳ ታጥቦ ደርቆ ይቀባ። በጋ ላይ በሁለት ሳምንት አንዴ ማየት ይበቃል።

ልጄ ማርሽ ሲቀይር «ቀጭ ቀጭ» ይላል። አቀያየሩ ነው ወይስ ብልሽት?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ከአቀያየሩ ጀምሩ።

ማርሽ የሚቀየረው ፔዳሉ ወደ ፊት እየዞረ ነው። ቆሞ እያለ የማርሽ መቀየሪያውን እጀታ የሚያሽከረክር ልጅ ካቦውን፣ ማለትም እጀታውን ከመቀየሪያው ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ፣ ይወጥራል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ርግጫ ላይ ካቴናው በኃይል ይዘላል። ፔዳል ወደ ኋላ እያዞሩ መቀየርም ካቴናውን ያስወልቃል። ሲቀየር እግር ቀለል ይበል። ለልጆች የምነግራቸው «ስትቀይር እንቁላል እንደረገጥክ እርገጥ» ብዬ ነው።

ዳገት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ የምትወርድ ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ካራ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያለ ልጅ ማርሹን ኮዬ ካለው ልጅ በላይ ይጠቀምበታል፣ በላይም ያደክመዋል። የሚለመደው ነገር ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት መቀየር ነው። ዳገቱ መሃል ላይ ቆሞ እየረገጠ የሚቀይር ልጅ ካቴና ይበጥሳል። ከረሳ ወርዶ ይግፋ፤ ነውር የለውም።

አቀያየሩ ጥሩ ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ ካቦው ላልቷል። አዲስ ብስክሌት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ የተለመደ ነው። ካቦው መቀየሪያው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ በጣት የምትዞር ትንሽ በርሜል አለች። ካቴናው ወደ ትልልቆቹ ጥርሶች ለመውጣት ከዘገየ ከኋላ ሆናችሁ እያያችሁ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር አዙሯት። ወደ ትንንሾቹ ለመውረድ ከዘገየ በሰዓት አቅጣጫ። ሩብ ዙር፣ ሙከራ፣ እንደገና ሩብ ዙር። በአንድ ጊዜ ብዙ አታዙሩ።

መቀየሪያው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች መንካት እችላለሁ?

ሥራቸውን ካወቃችሁ አዎ። እነዚህ ብሎኖች መቀየሪያው የት ድረስ መሄድ እንደሚችል የሚወስኑ አጥሮች ናቸው። አንዱ ወደ ትንሹ ጥርስ፣ ሌላው ወደ ትልቁ ጥርስ። ሺማኖ የተባለው ኩባንያና መሰሎቹ በሠሯቸው ላይ አጠገባቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል፤ «ኤች» የትንሹ፣ «ኤል» የትልቁ። «ኤል» የተባለው ነው ሽቦዎቹን የሚጠብቀው።

ጎማውን አንስታችሁ ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ አድርጉ። ጎማው ከቆመ በኋላ መቀየሪያውን በእጃችሁ ወደ ሽቦዎቹ ገፋ አድርጉት። ካልሄደ ደህና ነው። አሁንም ወደ ውስጥ ከሄደ «ኤል»ን በካቻቢቴ በሰዓት አቅጣጫ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ፣ እስኪያቆም ድረስ። ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ አይወጣም። ያኔ ትንሽ መልሱት።

ማንጠልጠያዋ ታጥፋ እያለ ግን ብሎን አትንኩ። ጠማማ ነገር ላይ የተደረገ ማስተካከያ የትም አያደርስም። እንዲህ ያደረጉ ጠጋኞች ጋ ሄዶ የተመለሰ ብስክሌት በሳምንቱ ሲሰበር ማየት ያሳዝናል።

የታጠፈች ማንጠልጠያ ትቃናለች ወይስ ትለወጣለች?

የብረት ከሆነች ትቃናለች። አሉሚኒየም ከሆነች አንዴ፣ ትንሽ ብቻ ከታጠፈች፣ ቀስ ተብሎ መሞከር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ትሰነጠቃለች። መታጠፊያው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካያችሁ መለወጥ ነው። በመዶሻ የሚመታ ጠጋኝ ካያችሁ ብስክሌቱን ይዛችሁ ውጡ። ማንጠልጠያ የሚቃናው ረጅም መሣሪያ መቀየሪያው በሚታሰርበት ቀዳዳ ተያይዞ ከቸርኬው ጋር እየተለካ ነው።

ልትለውጡ ከሆነ አሮጌዋን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቅርጿ በየብስክሌቱ ይለያያል። በስልክ ፎቶ ብቻ መርካቶ ሄዶ የተገዛች ማንጠልጠያ ቀዳዳዋ አንድ ሚሊ ሜትር ስትስት ድካሙ ከንቱ ነው። ካገኛችሁ ሁለት ግዙና አንዷን አስቀምጡ።

በታክሲ ወይም በጭነት መኪና ሲሄድ እንዴት ልጫነው?

ቤት ሲቀየር በአይሱዙ፣ ዘመድ ጋ ሲኬድ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ። በዚህ ጉዞ የሚታጠፈው ማርሽ ብዙ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «መንገድ ለሰው» (ጎዳናዎች ለመኪና ዝግ የሚሆኑበት ቀን) ሲኖር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መሃል ከተማ የሚመጡ ወላጆችም ይህ ያጋጥማቸዋል።

ከመጫናችሁ በፊት ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ አድርጉ። መቀየሪያው ወደ ውስጥ ይገባና ከፍሬሙ ብዙም አይወጣም። ሲጋደም ማርሹ ወደ ላይ። ረዳቱ ከላዩ ሌላ ዕቃ እንዳይጭንበት ቆማችሁ እዩ፤ «አይዟችሁ» የሚለው ብቻ አይበቃም። ሲታሰርም ገመዱ በፍሬሙ በኩል እንጂ በመቀየሪያው ወይም በካቦው ላይ አይለፍ።

ጉዞው ረጅም ከሆነ፣ ለምሳሌ ክረምቱን ክፍለ ሀገር የሚያሳልፍ ልጅ ከሆነ፣ መቀየሪያውን መፍታት ይሻላል። ብዙዎቹ በአንድ ብሎን ነው የታሰሩት፤ 5 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይፈታዋል። ካቴናውና ካቦው እንደተያያዙ ይቅሩ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሬሙ ውስጥ በኩል እሰሩት። መልሳችሁ ስትገጥሙ ብሎኑ መጀመሪያ በጣት ይግባ። ጥርሱን ስቶ በግድ የገባ ብሎን ፍሬሙን ያበላሻል።

የኮንዶሚኒየም ደረጃም ጉዞ ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ብስክሌቱን በግራ በኩል ቆሞ ያነሳዋል፤ ማርሹ ወደ ውጭ ይቀርና የደረጃውን ብረት እየገጨ ይወጣል። በቀኝ በኩል ቆማችሁ አንሱት፣ ማርሹ ወደ እናንተ ይሁን። ልብስ ይቆሽሻል፤ ለዚያ አሮጌ ሱሪ አለ። ኋላ ጎማውን ደረጃ በደረጃ እያንኳኳ የሚያወርድ ልጅ ካያችሁ አስቁሙት።

ጓደኛውን ማፈናጠጥ ማርሹን ይጎዳል?

አዎ። ከኋላ የተፈናጠጠው ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ ዳዶውን ወይም መቀየሪያውን ይረግጣል። ጎማው ውስጥ እግር የመግባቱ አደጋ ደግሞ ከማርሹ የከፋ ነው። ባለ 20 ኢንች የልጅ ብስክሌት የተሠራው ለአንድ ልጅ ነው።

ያገለገለ ልገዛ ነው። ማርሹን እንዴት ልፈትሽ?

ከኋላ ቆሞ ቀጥታነቱን ማየት፣ ከዚያ ጎማውን አንስቶ ሁሉንም ማርሽ መቀየር። ሻጩ «ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው» ካለ እዚያው ያስተካክለው።

ካቴናውንም በማስመሪያ ለኩት። ከአንድ ፒን ጀምራችሁ አሥር ሙሉ መገጣጠሚያ ቁጠሩ፤ አንድ ሙሉ ማለት አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ አብረው ናቸው። አዲስ ካቴና 25.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 25.6 ከደረሰ ተስቧል፤ መለወጥ አለበት። የተሳበ ካቴና ጥርሱን ይበላል፣ ጥርሱ ከተበላ ደግሞ አዲስ ካቴና ይዘልበታል። ብዙ መቧጨር ያለበት መቀየሪያ በቀኝ ብዙ ጊዜ እንደወደቀ ይነግራችኋል። ዋጋ ስትከራከሩ እሱን አሳዩ።

ከነጭራሹ ማርሽ የሌለው ልግዛለት?

ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አዎ፣ ያለ ማርሽ ይሻላል። ፍሬንና ሚዛን መማሩ ይቀድማል። ረዳት ጎማ ማስገጠም ካሰባችሁ ደግሞ ማርሽ ያለው አይመችም፤ የረዳት ጎማው ብረት የሚታሰረው መቀየሪያው ባለበት ቦታ ነው። ሜዳ ሰፈር ለሚኖር የሰባት ስምንት ዓመት ልጅም ያለ ማርሽ ምንም አይጎድልበትም። ዳገት ያለበት ሰፈር ግን ማርሽ ልጁን ያበረታዋል። ስድስት ወይም ሰባት ጥርስ ከኋላ ይበቃል፤ ከፊትም ማርሽ ያለው ብስክሌት ለልጅ የሚበላሽ ነገር ከመጨመር በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ብስክሌቱ ለወራት ይቆማል። እንዴት ላስቀምጠው?

ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ካቴናው ዘይት ጠጥቶ። ማርሹን ትንሹ ጥርስ ላይ አድርጉት፤ ካቦውና ስፕሪንጉ ያርፋሉ። በረንዳ ላይ ከሆነ ዝናብ ከማይደርስበት ጥግ፣ ካቴናው ከግድግዳው ተቃራኒ ሆኖ ይቁም። ላዩ ላይ የሽንኩርት ከረጢት፣ ባልዲና ምንጣፍ አይከመርበት። ለገና ዕረፍት ሲወጣ ልጁ ከመውጣቱ በፊት ጎማውን አንስታችሁ ማርሹን ከትንሹ እስከ ትልቁ አንዴ ቀይሩት።